መስመር ሲቆረጥ የሚታይ ሙያ

ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር መልእክት በሚያሻግረው በአይቢኤም ኤምኪው ሶፍትዌር ላይ አዲስ ላኪ ቻናል ሲፈጠር ማንም ሳይነካው ተሞልቶ የሚመጣ አንድ ቁጥር አለ፤ 999,999,999። ከማዶ ያለው ሰርቨር አልመልስ ሲል ቻናሉ መጀመሪያ በየ60 ሰከንዱ 10 ጊዜ ያንኳኳል። አሁንም መልስ ካጣ ረጋ ይልና በየ20 ደቂቃው ማንኳኳቱን ይቀጥላል፤ የሚቀጥለውም 999,999,999 ጊዜ ነው። አስልቼዋለሁ፤ ከ38,000 ዓመት ያልፋል። በዚያ ቦታ እንዲሞላ የሚፈቀደው ትልቁ ቁጥር ይኸው ስለሆነ ሠሪዎቹ እስከ ጫፉ ሞሉት። በእኛ አነጋገር «መስመሩ እስኪመለስ» ማለታቸው ነው።

ፃግብጂ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ አይስቅም። ፃግብጂ ከዋግ ኽምራ ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ከበድ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ወደ ሰቆጣ ይሄዳል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በአካባቢው መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦ የከረመባቸው ወራት ነበሩ። ከፃግብጂና ከአበርገሌ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ተጠልሎ ሲኖር፣ ውጭ አገር ያለ ወንድም የላከው ብር የት እንደደረሰ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ሰላም በሆነ ጊዜም ቢሆን «ኔትወርክ የለም» የሚለው መልስ በባንክ መስኮት ላይ እንግዳ አይደለም። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መስመር አለ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ መቆረጡን እንደ ድንገተኛ አደጋ ያየዋል። ኤምኪውን የሠሩት ግን ከሌላው ጫፍ ጀመሩ። መስመር ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ከማዶ ያለው ማሽን ጥገና ላይ ይሆናል፤ ታዲያ መልእክቱ እስከዚያ ማን ዘንድ ይቆይ?

ይህን ሥራ በቅርብ ለማየት የቻልኩት በማላውቀው ሰርቨር ላይ እንዳስተዳድረው ስለተሰጠኝ ነው። እጄ ሊኑክስ የለመደ ነው፤ የተሰጠኝ ሰርቨር ደግሞ ኤአይኤክስ የሚባለው የአይቢኤም ዩኒክስ ነበር። በለመዱት ቤት ውስጥ ያለን ዕቃ ሰው ልብ አይለውም፤ እንግዳ ቤት ሲገቡ ግን የበሩ እጀታ ሳይቀር ይታያል። ይህ ጽሑፍ የዚያ እንግድነት ፍሬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኤምኪው። ሁለት ፕሮግራሞች በቀጥታ ቢነጋገሩ አንደኛው ሲተኛ ሌላው ይቆማል። በመካከላቸው ወረፋ ካለ ግን ላኪው መልእክቱን ወረፋው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ተቀባዩ በነቃ ጊዜ ያነሳል። ወረፋዎቹን የሚጠብቀው ክፍል ኪው ማናጀር ይባላል፤ ከአንዱ ኪው ማናጀር ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ደግሞ ቻናል። ነገሩ ይኸው ነው። አይቢኤም ይህን ምርት ኤምኪውሲሪስ ብሎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በ2002 ዌብስፊር ኤምኪው ተባለ፣ ከ2014 ወዲህ አይቢኤም ኤምኪው ነው። ስሙ ቢቀያየርም ሥራው በአብዛኛው ሲሠራ የኖረው እንግሊዝ አገር ዊንቸስተር አጠገብ ባለው በኸርስሊ ቤተ ሙከራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ንድፍ አውጪዎች ሳውዝሃምፕተን ሲደበደብ ሸሽተው የሠሩበት ግቢ ነው፤ ጥንቃቄን የለመደ ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ለእኛ አገር ሩቅ ነገር እንዳይመስል። ብሔራዊ ባንክ ባንክን ከባንክ የሚያገናኘውን የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ማስተላለፊያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር፣ ኢትስዊች በ2016 የአንዱን ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ሲያስነብብ፣ ቴሌብር በ2021 ስልክን ቦርሳ ሲያደርግ፣ ከጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንዱ ሲስተም ለሌላው የነገረው ነገር በመንገድ እንዳይጠፋ፣ ሁለት ጊዜም እንዳይነገር። ከውጭ አገር የሚመጣው ሐዋላ የሚያልፍበት ስዊፍት ለባንኮች የሚያቀርበው አልያንስ አክሰስ የተባለው ሶፍትዌር ከባንኩ የውስጥ ሲስተም ጋር ከሚነጋገርባቸው መንገዶች አንዱ ኤምኪው ነው። አልያንስ አክሰስ ለብዙ ዓመታት ኤአይኤክስ ላይም ሲጫን ኖሯል። ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ማግኘት ስለዚህ ብርቅ አይደለም።

ኤአይኤክስ ገና ሲገቡበት ፊቱን ያጠቁራል። ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ስጫን ያለፈው ትእዛዝ እንዲመጣ ጠበቅሁ፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ኮርን ሼል ትርጉም የለሽ ምልክት ተፋብኝ። በሊኑክስ ኦፕት በሚባለው ማውጫ ሥር የማውቀው የኤምኪው ቤት እዚህ ዩኤስአር ሥር ነው። የማስታወሻ ይዞታ ለማየት የለመድኳቸው ትእዛዞች የሉም። ትንሽ ከቆዩ በኋላ ግን ከዚህ ኩርፊያ ጀርባ አንድ ሥርዓት ይታያል። ኤአይኤክስ ላይ ማየት ሲፈለግ ትእዛዙ በኤልኤስ ይጀምራል፣ መፍጠር ሲፈለግ በኤምኬ፣ መለወጥ ሲፈለግ በሲኤች፣ ማጥፋት ሲፈለግ በአርኤም። ከዚያ የነገሩ ስም ይቀጠላል፤ ዩዘር ቢሆን፣ ዲቫይስ ቢሆን፣ ግሩፕ ቢሆን። አራቱን ግሶች የያዘ ሰው አይቶት የማያውቀውን ትእዛዝ ገምቶ ይጽፋል፤ ብዙውን ጊዜም ይሳካለታል። ኤምኪውም የራሱ ግሶች አሉት፦ ሲአርቲ ለመፍጠር፣ ኤስቲአር ለማስነሳት፣ ኢኤንዲ ለማቆም፣ ዲኤስፒ ለማሳየት፣ ዲኤልቲ ለማጥፋት። እነዚህ ደግሞ ኤኤስ/400 የተባሉት የአይቢኤም መካከለኛ ኮምፒውተሮች የሚናገሩት ቋንቋ ናቸው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ዘዬውም ይለያያል፤ በየክፍሉ ውስጥ ግን ሰዋስው አለ። እርግጥ ፋይል ሲስተም ላይ ሲደርስ ኤአይኤክስ ራሱ ሕጉን ያፈርሳል፤ መፍጠሪያው ኤምኬ መሆኑ ቀርቶ ሲአር ይሆናል። የትኛው ኮሚቴ እንዲህ እንደወሰነ እግዜር ይወቀው።

ከሁሉ የወደድኩት ስሚትን ነው። ስሚት እ.ኤ.አ. በ1990 ከኤአይኤክስ 3 ጋር የመጣ የማስተዳደሪያ ማውጫ ነው፤ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ ሌላ ጌጥ የለውም። ዩዘር መጨመር የፈለገ ሰው ከማውጫ ወደ ማውጫ ወርዶ አንድ ቅጽ ይደርሳል። በቅጹ ዳር ላይ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ኮከብ ያለበት ቦታ ካልተሞላ አይታለፍም፤ የመደመር ምልክት ያለበት ኤፍ4 ሲጫኑት ምርጫዎቹን ይዘረዝራል፤ የቁጥር ምልክት ያለበት ፊደል አይቀበልም። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ቅጽ ነው። ዋናው ነገር ኤፍ6 ላይ ነው። ኤፍ6 ሲጫን ስሚት ይህን ሁሉ ሲሞሉ ከበስተጀርባ ያዘጋጀውን ትእዛዝ አንድም ነገር ሳያስቀር ያሳያል። ገና አላስኬደውም፤ ማሳየቱ ነው። አንብቦ፣ ገልብጦ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በእጅ መጻፍ ይቻላል። ትእዛዙ ከተካሄደ በኋላም በቤት ማውጫው ውስጥ ስሚት.ስክሪፕት በሚባለው ፋይል ተጽፎ ይቀመጣል። ከእሱ በኋላ የመጡ ባለ ብዙ ቀለም ማስተዳደሪያዎች የሚሠሩትን ይደብቃሉ፤ ተጠቃሚው ሁልጊዜ እነሱ ዘንድ እንዲመለስ። ስሚት ተማሪው አንድ ቀን እንዳያስፈልገው ሆኖ የተሠራ ነው። ሥዕል ባለው ስሪቱ ላይ አንድ ትንሽ ሰው አለ፤ ሥራው ሲካሄድ ይሮጣል፣ ሲሳካ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሳይሳካ ሲቀር በአፍጢሙ ይደፋል። በየባንኩ ኮምፒውተር ክፍል እንዲህ ዓይነት ቀልድ ሲገኝ ሰው ሠራው ማለት ነው።

ሁሉም ነገር ጥበብ ነው አልልም። ኤአይኤክስ ላይ የቋንቋ ቅንብሩ በትንንሽ ፊደል ከተጻፈ አሮጌው የላቲን ኮድ ነው፤ በትልልቅ ፊደል ከተጻፈ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ የመጀመሪያዋ ብቻ ትልቅ ከሆነች ደግሞ ሦስተኛ ኮድ ነው። ያው ስም ሦስት ጊዜ ተጻፈ ብሎ ሰው ሲያልፈው በአማርኛ ላይ ምን እንደሚደርስ ኋላ እመለስበታለሁ። ሌላም አለ። አንድ ቀን ኤምኪው የሚሰማበትን 1414 ቁጥር ፖርት ሌላ ፕሮግራም ይዞት፣ ማን እንደያዘው ለማወቅ አብሮኝ የሚሠራውን ታላቄን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ፖርቱን የያዘው የቱ ፕሮሰስ እንደሆነ በምን ይታያል?»

«በአርኤምሶክ።»

«አርኤም ማጥፊያ አይደል እንዴ? የሚሠራ ሶኬት ላይ?»

«አትፍራ። የተያዘ ከሆነ አያጠፋውም። ማን እንደያዘው ይነግርሃል፣ እሱ ነው የሚፈለገው።»

ሄጄ አየሁት፤ እንዳለው ነው። ሶኬቱ በእገሌ ፕሮሰስ ተይዟል ይላል፤ ያውም ፕሮሰስ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ ትርፍ ሲ ጽፎ። በየትኛውም አገር ያለ የኤአይኤክስ ሰው ይህችን ግድፈት ያውቃታል። ሰውን ለማጥፋት ተጠርቶ ሰውን የሚጠቁም ትእዛዝ ጥሩ ሥራ ነው ወይስ መጥፎ? እኔ ስሙ መጥፎ፣ ጠባዩ ጥሩ እላለሁ። ማጥፋት የማይገባውን ነገር አጥፋ ሲባል እምቢ ማለትና ምክንያቱን መናገር የብዙ ፕሮግራሞች ልማድ አይደለም።

ወደ ኤምኪው የስህተት መዝገብ ስንመጣ የኸርስሊ ሰዎች እጅ ይበልጥ ይታያል። ፋይሎቹ ሦስት ናቸው። አዲሱ ሁልጊዜ 01 ነው፤ ሲሞላ ወደ 02 ይገፋል፣ የቀድሞው 02 ወደ 03፣ የቀድሞው 03 ይጣላል። በእኩለ ሌሊት ተጠርቶ የመጣ ሰው የትኛውን ልክፈት ብሎ አያስብም። አንድ ግቤት ከፍቶ ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ቀንና ሰዓት፣ የፕሮሰሱ ቁጥር፣ የፕሮግራሙና የተጠቃሚው ስም። ቀጥሎ የመልእክቱ ቁጥር፣ ለምሳሌ 9202፣ ከጎኑም አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ከማዶ ያለው ማሽን አልተገኘም፣ ቆይተው ይሞክሩ። ከዚያ ማብራሪያ የሚል ርእስ ያለው አንቀጽ ይመጣል፤ ግንኙነት ለመክፈት ተሞክሮ አልተሳካም፣ ችግሩ ግን ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል ይላል። ከዚያ ደግሞ ምን ይደረግ የሚል ሌላ ርእስ፤ እንደገና ይሞከር፣ ካልሆነ መንገዱ መኖሩ ይታይ፣ ከማዶ ያለው አድማጭ ፕሮግራም መነሳቱም ይጣራ። በመጨረሻ፣ በሰረዞች መካከል፣ ይህን መልእክት ያወጣው የምንጭ ፋይል ስምና የመስመሩ ቁጥር ተጽፏል። የጻፈው ሰው ከነአድራሻው ፈርሞበታል ማለት ነው። ምን ሆነ፣ ለምን ሊሆን ይችላል፣ ምን ላድርግ፤ ሦስቱን ሳያምታታ ለይቶ የሚናገር የስህተት መልእክት ስንቴ አይተናል? አብዛኛው ፕሮግራም «ስህተት ተፈጥሯል» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ምን ይደረግ በሚለው አንቀጽ ውስጥ አንድ ቁጥር አለች፤ ግንኙነቱን ከሚከፍተው ከቲሲፒ የተመለሰችው ኮድ። ሊኑክስ ላይ 111 ለምዶኛል። ኤአይኤክስ ላይ 79 ናት። ሶላሪስ ላይ 146፣ ኤችፒ ዩኤክስ ላይ 239። አራቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ እምቢ ተብያለሁ። በአዲስ ዩኒክስ ላይ ሥራ መልመድ ግማሹ ይህ ነው፤ ያው ሐሳብ ሌላ ቁጥር ለብሶ ይመጣል። ኤአይኤክስ ላይ 79ን ሳይ ደስ ይለኛል፤ 78ን ሳይ ይጨንቀኛል። 79 እምቢታ ነው፤ ከማዶ ያለው ማሽን በሕይወት አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ ፖርቱ ላይ የሚሰማ ፕሮግራም ብቻ የለም፤ ያንን ማስነሳት ነው። 78 ዝምታ ነው፤ ጠብቄ ጠብቄ መልስ አጣሁ ማለት ነው። ፋይበሩ ይቆረጥ፣ ማሽኑ ይጥፋ፣ ፋየርዎሉ ይዋጠው አይታወቅም። ሰቆጣ ደውሎ «የደወሉላቸው ደንበኛ መስመር ላይ ነው» የተባለ ሰውና «ማግኘት አይችሉም» የተባለ ሰው ልዩነቱ ይገባቸዋል።

ፊደላችን በዚህ ሁሉ ውስጥ እንዴት ያልፋል? ፃግብጂ ብዬ ወረፋ ላይ ባስቀምጥ፣ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ መልእክቱ 12 ባይት ነው፤ ዋግ ኽምራ ደግሞ ከነክፍተቱ 16። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው፤ ኤምኪው ደግሞ በ1993። ቢሆንም አማርኛን የሚሸከምበት ቦታ ከመጀመሪያው ነበረው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መልእክት ላይ በሚለጠፈው ራስጌ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጽፈው ይሄዳሉ። አንደኛው ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ ነው፤ ዩቲኤፍ-8 ከሆነ 1208። ሁለተኛው ቁጥሮቹ ከየትኛው ጫፍ እንደሚነበቡ። የኤአይኤክስ ማሽን ትልቁን ባይት ያስቀድማል፣ ኮዱም 273 ነው፤ ዊንዶውስና የተለመደው ሊኑክስ ትንሹን ያስቀድማሉ፣ 546። ላኪው ስለተቀባዩ ማወቅ አይጠበቅበትም። በራሱ ልማድ ጽፎ፣ ልማዴ ይህ ነው ብሎ ይልከዋል፤ መቀየር የተቀባዩ ፈንታ ነው፤ ያውም ቀይርልኝ ካለ ብቻ። ቅየራው ካልተሳካ ኪው ማናጀሩ መልእክቱን አበላሽቶ አይሰጥም፤ እንዳለ ያስረክብና አልተቀየረም የሚል ማስጠንቀቂያ ያያይዛል። ይህ ልክ የሚሆነው ግን ራስጌው እውነት ሲናገር ነው። ያ በትንንሽና በትልልቅ ፊደል የሚለያየው ቅንብር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ኪው ማናጀሩ ሲፈጠር የፊደል ኮዱን የሚወስደው ከዚያ ቅንብር ነው። በትንንሽ ፊደል ከተፈጠረ፣ 819 የተባለው ላቲን ይለጠፍበታል፤ ፕሮግራሙ ለይቶ ካልተናገረ በቀር የአማርኛው 12 ባይት 12 የፈረንጅ ፊደል ነኝ እያለ ይጓዛል። ከማዶ የሚወጣውን ዝባዝንኬ ያየ ሁሉ «ሲስተሙ አማርኛ አይችልም» ይላል። ሲስተሙ ይችላል።

መድረስ ያልቻለ መልእክትስ? ከማዶ ያለው ወረፋ ሞልቶ፣ ወይም ስሙ ተሳስቶ፣ ወይም ፈቃድ ተነፍጎት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዴድ ሌተር ኪው የሚባል ወረፋ አለ፤ መልእክቱ እዚያ ሲቀመጥ ለምን እንዳልደረሰ፣ ወዴት ይሄድ እንደነበር፣ መቼ እንደተቀመጠ የሚናገር ሌላ ራስጌ ከፊቱ ይለጠፍበታል። አስተዳዳሪው ይህን ወረፋ መመደቡን ከረሳስ? መጥፋት የሌለበት መልእክት ማስቀመጫ ካጣ፣ ቻናሉ ጥሎት ከመሄድ መቆምን ይመርጣል። ከኋላው ያለው ሁሉ ይከማቻል፣ ስልክ ይደወላል፣ ሰው ይቆጣል፤ መልእክቱ ግን አለ። ቆሞ ማስጮህና በዝምታ መጣል ሲቀርቡለት ቆሞ ማስጮህን የመረጠ ሰው ባንክ ምን እንደሆነ ገብቶታል።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ አንድ እንዲቆይ የታዘዘ መልእክት ሲያስቀምጥ፣ ኪው ማናጀሩ «ተቀብያለሁ» የሚለው ሎግ በሚባለው መዝገቡ ላይ ጽፎ፣ ጽሕፈቱም ዲስክ ላይ ማረፉን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ማሽኑ ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ጥቂት መስመሮች ይወርዳሉ፤ ይህን ያህል የሎግ መዝገብ አነበብኩ፣ ይህን ያህል ያልተቋጨ ትራንዛክሽን ነበረ፣ ይህን ያህሉን ቋጨሁ፣ ተነስቻለሁ። ኤአይኤክስ በበኩሉ ሎጉ የተቀመጠበትን ፋይል ሲስተም ኪው ማናጀሩ እየሠራ፣ ማንንም ሳያስወጣ በአንድ ትእዛዝ ያሰፋዋል፤ ሁለቱ እዚህ ላይ ይደጋገፋሉ። የምነቅፈው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሠራው መልእክቱ እንዲቆይ ከታዘዘ ነው፤ አዲስ ወረፋ ሲፈጠር ግን ነባሪው ቅንብር «አይቆይ» ነው። ፕሮግራሙ በራሱ ካልጠየቀ ወይም አስተዳዳሪው ካልለወጠው ኪው ማናጀሩ ሲነሳ እነዚያ መልእክቶች የሉም። ፍጥነት ስለሚሰጥ ነው ይላሉ፤ ልክ ነው። ቻናሉን 38,000 ዓመት እንዲያንኳኳ ያዘዘ እጅ ግን እዚህ ላይ ምን ነካው?

የሥራው እምብርት ርክክቡ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ በሰው እጅ ብር የላከ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አደራ ተቀባዩ ብሩን ለባለቤቱ ሰጠ እንበል፤ «አድርሻለሁ» ብሎ ከመደወሉ በፊት ግን ስልክ ተቋረጠ። ላኪው ምን ያድርግ? ድጋሚ ቢልክ ሁለት ጊዜ ሊሆን ነው፤ ዝም ቢል ምናልባት አልደረሰም። ምንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ፣ ዜናው የሚያልፍበት መንገድ ራሱ የሚቆረጠው መንገድ ነው።

ኤምኪው ይህን የሚፈታው በትዕግሥት ነው። ላኪው ቻናል እንዲቆዩ የታዘዙትን መልእክቶች ተራ ከሚጠብቁበት የመተላለፊያ ወረፋ ሲያነሳ አይሰርዛቸውም፤ ከሌላ ሰው ዓይን ይሸሽጋቸዋል እንጂ። በነባሪው እስከ 50 መልእክት በአንድ ጥቅል ይልካል። ተቀባዩም ወረፋው ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ግን ገና ለማንም አይታዩም። ጥቅሉ ሲያልቅ ላኪው መለያ ቁጥሩን ራሱ ዘንድ ጽፎ «ቋጨው» ይላል፤ ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ተጠራጣሪ ነው፣ በመዝገቡም ላይ እንዲሁ ይታያል። ተቀባዩ መልእክቶቹንና የጥቅሉን መለያ በአንድ ላይ ይቋጫል። በአንድ ላይ የሚለው ቃል ላይ ነው ጥበቡ፤ መልእክቶቹ ከገቡ መለያውም ገብቷል፣ ካልገቡም መለያው የለም። ከዚያ «ቋጭቻለሁ» ይላል፣ ላኪውም የደበቀውን ይሰርዛል። መስመሩ መካከል ላይ ቢቆረጥስ? ላኪው አይሰርዝም፣ አይደግምም። መስመሩ ሲመለስ፣ ከአንድ ደቂቃም ይሁን ከሦስት ወር በኋላ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው «መጨረሻ የቋጨኸው ጥቅል የቱ ነው?» የሚል ነው። መለያው ከገጠመ ደርሷል፤ ይሰርዛል። ካልገጠመ አልደረሰም፤ ይልካል። መልእክቱ ባለቤት ያጣበት፣ ወይም ሁለት ባለቤት ያገኘበት አንድም ቅጽበት የለም። ለማረጋገጥ በልምምድ ማሽን ላይ ገመዱን በጥቅሉ መካከል እየነቀልኩ ቆጥሬያለሁ፤ ስንት ጊዜ ቢነቀል ቁጥሩ ያው ነው።

ለማሽኑ የማይቻል አንድ ነገር ቀርቷል። ከማዶ ያለው ሰርቨር ለዘለቄታው ከጠፋ፣ ወይም የመለያ መዝገቡ ከተበላሸ፣ ጥያቄውን የሚመልስለት የለም። ያን ጊዜ ኤምኪው ራሱ አይገምትም፤ ጥርጣሬውን ይዞ ይቀመጥና ሰው ይጠብቃል። ላኪው ዘንድ ያለው አስተዳዳሪ የቻናሉን ሁኔታ አሳየኝ ብሎ የአሁኑን ጥቅል መለያ ያወጣል፤ 16 ፊደልና አሃዝ ነው። ተቀባዩ ዘንድ ያለው ደግሞ የመጨረሻውን የተቋጨ ጥቅል መለያ ያወጣል፣ መዝገቡ ከተረፈለት። ስልክ ይደዋወሉና አንዱ እያነበበ ሌላው በጣቱ ይከተላል፤ ከግራ፣ አሃዝ በአሃዝ። አንድ ከሆነ በላኪው በኩል ቻናሉን ፍታ የሚለው ትእዛዝ ኮሚት በሚል ይጻፋል፤ አንድ ካልሆነ ባክአውት በሚል።